ቀበቶው የተነፈጋቸው ቦክሰኞች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ድሮው የከባድ ሚዛን ቦክስ፣ ጥቁር በመሆናቸው ለሻምፒዮንነቱ ቀበቶ የመጋጠም ዕድል ስለተነፈጋቸው ሰዎች ጠይቁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ አደራ ግን አለኝ። «እገሌ እገሌን አሸንፎታል» ከማለታችሁ በፊት መቼ እንደተጋጠሙና ስንት ኪሎ እንደነበሩ እዩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለቀበቶው መጋጠም ሲገባው የቀረበትን አንድ ሰው ይጥሩ ቢባሉ ማንን ይጠራሉ?

መልስ፦ ሳም ላንግፎርድን። ምንም አላመነታም። የካናዳ፣ የኖቫ ስኮሺያ ልጅ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ብቻ ነው። በ1903 የቀላል ሚዛኑን ሻምፒዮን ጆ ጋንስን በነጥብ አሸነፈ። በ1904 ከዌልተር ሚዛኑ (ከቀላሉ ከፍ የሚለው) ጆ ዋልኮት ጋር 15 ዙር ተፋልሞ አቻ ወጣ። ከዚያ እየከበደ መጣና ግዙፎቹን ይዘርር ጀመር። ሌላውን ጥቁር ከባድ ሚዛን ሃሪ ዊልስን እንኳ በ1914 እና በ1916 በዝረራ ጥሎታል።

አሁን የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ቀበቶውን ይዞ ሳለ እነማንን እንደገጠመ ተመልከቱ። በ1909 ስታንሊ ኬቸልን ገጠመ፤ ኬቸል የመካከለኛ ሚዛን ሰው ነው። በ1912 ነጩን ጂም ፍሊንን ገጠመ። ፍሊንን ላንግፎርድ በ1907 እና በ1910 ሁለቴ ዘርሮት ነበር! የተዘረረው ዕድሉን አገኘ፤ የዘረረው ግን ቆሞ አየ። ስንት ጊዜ ባነበው ይህ ነገር አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ ግን ጆንሰን ላንግፎርድን በ1906 አሸንፎት የለ?

መልስ፦ አደራ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዓመቱን እዩ። ላንግፎርድ ያኔ 20 ዓመት ገደማ ነው፤ ክብደቱም 71 ኪሎ አካባቢ። ጆንሰን ከ10 ኪሎ በላይ ይበልጠዋል። ልጁ ወድቆ ተነሥቶ 15ቱን ዙር ጨረሰ። የ1910ሩ ላንግፎርድ ሌላ ሰው ነው።

አንድ አባል፦ በጆንሰን ላይ አትፍረዱበት። ቀበቶውን ለማግኘት የያኔውን ነጭ ሻምፒዮን ቶሚ በርንስን እስከ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ተከትሎት ሄዷል። በ1908 ሲጋጠሙ በርንስ 30,000 ዶላር ወሰደ፤ ለእሱ የደረሰው 5,000 ነው። ሁለት ጥቁሮች ሲጋጠሙ ደግሞ ገንዘብ የለም፤ ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያለበትን ፍልሚያ ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

ሌላ አባል፦ ሁለት ጥቁሮች ሲጋጠሙ ገንዘብ የለም ካልክ፣ ጃክ ጆንሰን በ1913 ፓሪስ ላይ ከጥቁሩ ጂም ጆንሰን ጋር ለምን ገጠመ?

አንድ አባል፦ ያኔ እኮ ፍርድ ቤት ፈርዶበት ከአሜሪካ ተሰዶ ነው። የተፈረደበት በግፍ ነበር። በ2018 በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተደርጎለታል።

መልስ፦ የፍርዱን ነገር ለሌላ ቀን አቆዩት። ስለ ገንዘቡ የተባለው በከፊል እውነት ነው። ግን በሩ ተዘግቶበት ደጅ የጠና ሰው ያንኑ በር በሌላው ላይ ሲዘጋ ያመኛል። ፓሪስ ላይ ሁለት ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ለከባድ ሚዛኑ ቀበቶ ተጋጠሙ፤ 10 ዙር፣ አቻ። ዕድሉ ግን የላንግፎርድ መሆን ነበረበት። ካልሆነም የጆ ጃኔት ወይም የሳም ማክቪ። እነዚህ ሁለቱ ጥቁሮች እዚያው ፓሪስ በ1909 49 ዙር ተፋልመዋል። አርባ ዘጠኝ!

ጥያቄ፦ ከእነሱ በፊት የነበረው ጥቁር ቦክሰኛ ፒተር ጃክሰንስ?

መልስ፦ ይገባው ነበር። በ1891 ከነጩ ጂም ኮርቤት ጋር 61 ዙር ተፋልመው አሸናፊ ሳይለይ ቀረ። የያኔው ሻምፒዮን ሱሊቫን ጥቁር አልገጥምም ብሎ በይፋ ተናግሯል። በ1892 የገጠመው ኮርቤትን ነው፤ ተሸነፈም። ኮርቤትም ቀበቶውን ካገኘ በኋላ ጃክሰንን መልሶ አልገጠመውም። «በ1898 ጄፍሪስ (በኋላ ሻምፒዮን የሆነው) በ3ኛው ዙር አሸንፎታል» የምትሉ ደግሞ አሁንም ዓመቱን እዩ። ጃክሰን ያኔ ጤናውን ያጣ፣ ከሪንግ ርቆ የከረመ ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ጎበዙ ማን ነው?

መልስ፦ በየትኛው ዓመት? በስንት ኪሎ? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ በ1920ዎቹ ሻምፒዮን የነበረው ነጩ ዴምፕሲ ሃሪ ዊልስን ያልገጠመው ፈርቶት ነው?

መልስ፦ ፈርቶታል አልልም። በ1922 ውል ተፈረመ፤ በ1925ም እንደገና። ፍልሚያው ግን አልተደረገም። በ1926 ዕድሉ ለነጩ ጂን ተኒ ተሰጠ። ዊልስ ሲጠብቅ እርጅና ደረሰበት።

ሌላ አባል፦ ጥቁሩ ጆ ሉዊስ በ1935 ጣሊያናዊውን ካርኔራን በ6ኛው ዙር ሲጥለውስ? ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ እኮ ነው። የሃርለም (የኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር) ሰው ለእኛም ጭምር ነው የጨፈረው።

መልስ፦ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያ ፍልሚያ የቀበቶ አልነበረም። ሉዊስ ለቀበቶው የተጋጠመው በ1937 ነው፤ ጆንሰን ሃቫና ላይ ተሸንፎ ቀበቶውን ካጣ ከ22 ዓመት በኋላ። በመሃል አንድም ጥቁር ዕድሉን አላገኘም። ወደ ርዕሳችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ጆንሰን ላንግፎርድን አንዴ አሸንፎት የለም እንዴ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ውጣና አንብበው። ኪሎውንም አትዝለለው።