ሦስቱም 1995 ይላሉ፣ ጣዕማቸው ግን አይገናኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተዋጥተን ሦስት ሲንግል ሞልት ስኮች ውስኪ (ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የተሠራ የስኮትላንድ ውስኪ) ገዛን። ሦስቱም ላይ 1995 ተብሎ ተጽፏል (በፈረንጆቹ ማለት ነው)። የአንድ ዓመት ውስኪዎችን ጎን ለጎን አድርገን ለማወዳደር ነበር ሐሳባችን። ስንቀምሳቸው አንዱ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ አንዱ ቫኒላ፣ ሦስተኛውማ ጭስ ብቻ ነው። አንደኛው ጓደኛዬ "ተሸውደናል" ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ተሸውደን ነው?

መልስ፦ ኧረ አልተሸወዳችሁም። ጓደኛህ ነገሩን ከወይን ጠጅ ጋር ሳያምታታው አልቀረም። ወይን ላይ ዓመት ሲጻፍ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ነው፣ የዚያ ዓመት ፀሐይና ዝናብ ጠርሙሱ ውስጥ አለ። ስኮች ላይ ግን መጠጡ የተጣራበት፣ ማለትም እንደ አረቄ በእንፋሎት የወጣበት ዓመት ነው። ገብሱ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ተብላልቶ፣ በመዳብ ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ተጣርቶ እስኪወጣ ድረስ የዚያ ዓመት አየር ጠባይ ብዙም የሚተርፈው ነገር የለም።

ስለዚህ 1995ን ተዉትና ሌላውን ቁጥር ፈልጉ፦ የታሸገበትን ዓመት። በ1995 በርሜል ገብቶ በ2007 የታሸገ ውስኪ የ12 ዓመት ነው። በ2020 የታሸገው ደግሞ የ25። ሁለቱም ላይ 1995 ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ ምንም ማጭበርበር የለበትም። ውስኪ ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም፤ ዕድሜው የሚቆጠረው በርሜል ውስጥ እስካለ ብቻ ነው።

ዋናው ወሬ ያለው በርሜሉ ላይ ነው። የስኮች ሕግ በርሜሉ የኦክ እንጨት እንዲሆንና ከ700 ሊትር እንዳይበልጥ፣ ውስኪውም ቢያንስ 3 ዓመት እዚያ ውስጥ እንዲቆይ ያዛል። በርሜሉ ከዚያ በፊት ምን ይዞ እንደነበር ግን ለፋብሪካው ብዙ ምርጫ ይተዋል። የአሜሪካ ቡርቦን በሕግ አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ የኦክ በርሜል ስለሚፈልግ ያገለገለው በርሜል ወደ ስኮትላንድ ይሸጣል፤ ወደ 200 ሊትር ይይዛል፣ ቫኒላና ኮኮናት የሚሸተው ብዙ ጊዜ ከሱ ነው። ዘቢብና ዋልነት የሚለው ደግሞ ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን ከነበረበት በርሜል ነው፣ እሱ እስከ 500 ሊትር የሚይዝ ግዙፍ አለው። በዚያ ላይ በርሜሉ ስኮች ሲሞላበት የመጀመሪያው ነው ወይስ ሦስተኛው? ሦስተኛው ከሆነ እንጨቱ የሚሰጠው ጣዕም በጣም ቀንሷል፣ የፋብሪካው የራሱ ጠባይ ጎልቶ ይወጣል። እኔ በግሌ እንደዚህ ዓይነቱን ነው የምወደው። ሼሪ ሲበዛ ሁሉም ውስኪ ይመሳሰልብኛል።

ጭሱ ከበርሜል አይደለም። እርጥቡ ብቅል ሲደርቅ ፒት ተነዶበት ነው፤ ፒት ከረግረግ መሬት ተቆፍሮ ደርቆ የሚነድ፣ የበሰበሰ ዕፅዋት ነው። ሦስተኛው ጠርሙሳችሁ ላይ አይላ የምትባለዋ ደሴት ስም ካለበት፣ ላፍሮይግ፣ አርድቤግ ወይም ላጋቩሊን ከሆነ፣ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

የእውነት ማወዳደር ከፈለጋችሁ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት የተጣሩ፣ በተለያየ በርሜል የቆዩ ሁለት ጠርሙሶች ፈልጉ። ከሌሎች ፋብሪካዎች የመጣ በርሜል በራሳቸው ስም የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ፤ ኤልጊን ከተማ ያለው ጎርደን ኤንድ ማክፌይል ከ1895 ጀምሮ አለ፣ ሲግናቶሪ ደግሞ ከ1988። የተጣራበትን፣ የታሸገበትንና ብዙ ጊዜ የበርሜሉን ቁጥር ሳይቀር ይጽፉላችኋል። የዚያን ጊዜ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ውሃ ጨምሬ ስቀምስ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ነውር ነው እንዴ?

መልስ፦ የሳቁት እነሱ ይሳቅባቸው። ውስኪ ቀላቅለው የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ወደ 20 በመቶ አልኮል አውርደው ነው የሚያሸቱት። በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ጓያኮል የሚባለው ጭስ ጭስ የሚል ንጥረ ነገር አልኮሉ ከ45 በመቶ በታች ሲሆን ወደ ላይ፣ ወደ አየሩ ጠጋ ይላል። አፍንጫህ ወዳለበት ማለት ነው።

ለማወዳደር ደግሞ ውሃ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። አንዱ 43፣ ሌላው 57 በመቶ ከሆነ ጠንካራው ሁሌም "ጣዕሙ የበዛ" ይመስላል። ባለ 57ቱ 30 ሚሊ ላይ 10 ሚሊ ውሃ ብትጨምር ወደ 43 ይወርዳል። ከዚያ እኩል ናቸው። ውሃው ሲገባ ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርገህ እየው፣ እንደ ዘይት ክር የሚጠማዘዝ ነገር ታያለህ።

ሌላው፣ ሳታውቁ ቅመሱ። አንድ ሰው ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልሎ ይቅዳ። እኔ ለዓመታት "የኔ ውስኪ" ስለው የነበረውን እንዲህ ቀምሼ ከአራት አራተኛ አድርጌዋለሁ፣ ያውም በልበ ሙሉነት። በቀለም እንዳትሸወዱም፣ ሕጉ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቅዳል። ጭስ ያለው ሁሌም መጨረሻ ይሁን፣ ከሱ በኋላ ሌላው ውሃ ውሃ ይላል። ፉት ካላችሁ በኋላ አትቸኩሉ፣ ብርጭቆውንም ቶሎ አትጠቡ። ባዶውን ብርጭቆ በማግስቱ ጠዋት አሽቱት፤ የጭሱ አመድ አመድ እያለ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄ፦ የተረፈውን እንደ ወይን አጋድመን እናስቀምጠው?

መልስ፦ በፍጹም። አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። አቁሙት፣ ፀሐይ አይንካው። ጠርሙሱ ከሲሶ በታች ከወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት፣ ካልሆነ ትንሽ ጠርሙስ ፈልጋችሁ እስከ አፉ ሙሉት።