75 ኢንች ከመሸከማችሁ በፊት

ባለፈው የታንክስጊቪንግ ማግስት የእህቴ ልጅ ከሱቅ ውስጥ ደወለልኝ። ከኋላው ጫጫታ ይሰማል። «ጋሼ፣ 75 ኢንች ቲቪ በግማሽ ዋጋ! ላንሳው?»

«ሶፋህ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል?» አልኩት።

ዝም አለ። የሚኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሳሎኑን አውቀዋለሁ። ረከቦት ከተዘረጋ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያልፍ ሰው የተቀመጠውን ሁሉ ያስነሳል። «ቤት ሄደህ ለካና ደውልልኝ» አልኩት። ተናዶ ዘጋው። ማታ ደወለ። 7 ጫማ ከምናምን።

የእኔ ስሌት ቀላል ነው። የቲቪውን ኢንች በ1.6 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር ከሶፋው እስከ ስክሪኑ የሚመቸው ርቀት ነው። 55 ኢንች 88 ይሆናል፤ 7 ጫማ ከ4 ኢንች ማለት ነው። 75ቱ ግን 10 ጫማ ይፈልጋል። ቀረብ ብሎ ማየት የሚወድም አለ፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። ቡፌውንም ለኩ። የቲቪ ኢንች የሚቆጠረው ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ስለሆነ የ55ቱ ወርድ 48 ኢንች ገደማ፣ የ75ቱ ደግሞ 65 ገደማ ነው። የብዙዎቹ እግር ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። ቡፌው ካጠረ እግሩ አየር ላይ ይቀራል።

ሱቅ ውስጥ በምታዩት ብርሃን አትታለሉ። እዚያ ሁሉም ዓይን እስኪወጋ እንዲያበራ ተደርጎ ነው የሚሰቀለው። ቤት ስታበሩት «ለቤት ወይስ ለሱቅ» ብሎ ከጠየቃችሁ «ለቤት» በሉት። ከዚያ የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉት። ትልቁን ፊልም በስልክ የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ የሚያስመስለው እሱ ነው።

ኦሌድና ኪውሌድ የሚባሉት የስክሪን ዓይነቶች በስም ይመሳሰሉ እንጂ አይገናኙም። ኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፤ ስትጠፋ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ኪውሌድ ከኋላው መብራት ያለው ኤልሲዲ ነው። ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ኦሌድን የሚያህል የለም። የእናቴ ዓይነት ሰው ያለበት ቤት ግን ይቅርባችሁ። እናቴ ጠዋት የከፈተችውን ጣቢያ ማታ ነው የምትዘጋው። ጥግ ላይ የማይነቃነቀው የጣቢያው ዓርማ ከብዙ ወራት በኋላ ኦሌድ ላይ ጥላውን ሊተው ይችላል።

ድምፅ ላይ ብዙ አልልም። ቲቪው በቀጠነ ቁጥር ድምፁም ይቀጥናል። ከታች የምትቀመጥ ረዘም ያለች ድምፅ ማጉያ ግዙና «አርክ» (ARC) ተብሎ በተጻፈበት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ላይ ሰኳት። ተጨማሪ ዋስትና ካሸሯ ስታቀርብላችሁ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ እለፉ።

አሁን ወደ መቅረጫው፣ የቲቪ ፕሮግራም ቀርጾ በኋላ ወደሚያሳየው ሣጥን። ብዙዎቻችን ገንዘብ የምናፈሰው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም አፍስሻለሁ። ሐሳቤ የአገር ቤቱን ዜና ቀርጬ ማታ ማየት ነበር። የአዲስ አበባው የማታ 2 ሰዓት ዜና እዚህ ምሥራቁ አሜሪካ ሲደርስ እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም ከዚያ አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ ነው፤ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። ባለ ሃርድ ዲስክ መቅረጫ ገዛሁ፣ አንቴና መስኮት ላይ ለጠፍኩ፣ ጣቢያ አስፈለግሁ። የዋሽንግተን ጣቢያዎች ተደረደሩ። የእኛ አንድም የለም። መቅረጫው የሚይዘው በአንቴና የሚገባውን ብቻ ነው። የእኛ ጣቢያዎች ቤታችን የሚገቡት በዩቲዩብ ወይም በአፕ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማታ ማታ ምን እንደምታዩ ራሳችሁን ጠይቁ። አብዛኛው የአገር ቤት ከሆነ መቅረጫ አያስፈልጋችሁም። ዜናውንና ድራማውን ጣቢያዎቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይጭኑታል። ቀጥታ ሥርጭቱንም ጣቢያው ከፈቀደ እስከ 12 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ለናንተ የሚያስፈልገው ጥሩ ኢንተርኔትና አፕ የማይንቀራፈፍበት ቲቪ ነው። የቲቪው ሶፍትዌር ሲያረጅ አዲስ ቲቪ አትግዙ። ሮኩን የመሰለች አፕ የምታሠራ ትንሽ ዱላ ኋላው ላይ ሰኩ፣ ያልቃል።

ኳስ፣ የእንግሊዝኛ ዜና፣ የልጆች ፕሮግራም ለምትሉ ግን የአንቴና መቅረጫ ግሩም ነገር ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2009 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ሆነዋል፤ አንቴና ላለው በነፃ፣ ጥርት ብለው ይገባሉ። ስትገዙ ሁለት ቱነር፣ ማለትም ሁለት ጣቢያ መያዣ፣ ያለው ይሁን፤ አንዱን እያያችሁ ሌላውን ይቀርጻል። በ1 ሰዓት ከ6 እስከ 8 ጊጋባይት ይበላል ብላችሁ አስቡ። 1 ቴራባይት ካለው ከ100 ሰዓት በላይ ይይዛል። የፕሮግራም ዝርዝሩ በየወሩ ያስከፍል እንደሆነ ጠይቁ፤ ዋጋው እዚያ ውስጥ ነው የተደበቀው። አዲሱን ኤቲኤስሲ 3.0 የሚባለውን ሥርጭት እንይዛለን የሚሉም አሉ። አንዳንድ ጣቢያዎች እሱን ቆልፈው ስለሚያሠራጩት ለእሱ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። ኳስ ስትቀርጹ ደግሞ ማብቂያው ላይ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። እኔ አንዴ ሳልጨምር 85ኛው ደቂቃ ላይ ተቆርጦብኝ ግድግዳውን ሳይ አምሽቻለሁ።

ዩቲዩብ ቲቪን የመሳሰለው በየወሩ የሚከፈልበት የኢንተርኔት ቲቪም መቅረጫ አለው። ዩቲዩብ ቲቪ የፈለጋችሁትን ያህል ይቀርጽና 9 ወር ያስቀምጥላችኋል። ክፍያ ስታቆሙ ግን ቅጂውም አብሮ ይሄዳል።

መቅረጽ ሕገወጥ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ቤት ውስጥ በኋላ ለማየት ብሎ መቅረጽን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984፣ ገና በካሴቱ ዘመን፣ በ5 ለ 4 ድምፅ ፈቅዶታል። «ሁሉም ቻናል በአንድ ክፍያ» እየተባለ ከመኪና ኮፈን የሚሸጠው ሣጥን ግን ሌላ ነው። እኔ 300 ዶላር ከፈልኩበት። አራት ወር ሠራ። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ ሌሊቱ ሲጀመር፣ ጸጥ አለ። የሸጠልኝ ሰውዬ ስልክ አይነሳም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቆማ፣ ስክሪኑ መሀል የሚሽከረከረውን ክብ ስትመለከት ቆየች። በመጨረሻ በስልኬ ዩቲዩብ ከፍቼ ሰጠኋት። አሁን ሪሞቷ ላይ ሦስት ቁልፍ ብቻ ትቼ ሌላውን በፕላስተር ሸፍኜላታለሁ።

ለአገር ቤት ቲቪ ልትልኩ ያሰባችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ካላለ፣ 220 ላይ ሲሰካ ያበቃለታል። የአሜሪካው ቱነር እዚያ ያለውን ሥርጭት አይዝም፤ ዲሽና ሪሲቨር የግድ ነው። ሪሲቨሮቹ ብዙዎቹ ፍላሽ መሰኪያ ስላላቸው መቅረጫም እሱ ነው። እኔ ብሩን ልኬ እዚያው ይግዙ እላለሁ። ስክሪን በሻንጣ ተጉዞ በሰላም ሲደርስ ያየሁት ጥቂት ነው።

የእህቴ ልጅ 55ቱን ገዛ፤ ባለ ሁለት ቱነር መቅረጫም ጨመረበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርኪንግ ስለሚሠራ የአርሰናል ጨዋታ በአንቴና የሚገባ ከሆነ ቀርጾ ማታ ያየዋል። ውጤት እንዳይሰማ ቴሌግራሙን ይዘጋል፣ ከጓደኞቹም ይሸሻል። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ ደወልኩና «እንኳን ደስ ያለህ!» አልኩት።

ረጅም ዝምታ።

«ጋሼ፣ ገና እረፍት ላይ ነኝ።»