ፌስቡክ እያለ ብሎግ ምን ያደርጋል? የደሴ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ የንባብ ክበባችን ደሴ ላይ ተሰብስቦ ነበር። የዕለቱ ተናጋሪ ቀረ። መብራትም ጠፋ። «በል እንግዲህ፣ ብሎግ ብሎግ የምትለው አንተ ነህ፣ ዛሬ አንተን እንጠይቅ» አሉኝ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ብሎግ፣ ማለትም ጽሑፎቼን በየጊዜው የማወጣበት የራሴ ድረ ገጽ፣ እጽፋለሁ። ፌስቡክም ቴሌግራምም አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አፋጠጡኝ። አቦሉም ቶናውም በረካውም አለቀ። ያልመጡት «ጻፍልን» ስላሉኝ ጥያቄዎቹን እንዳስታወስኳቸው አስቀምጫለሁ። መልሶቹን ግን ትንሽ አሳምሬያቸዋለሁ፣ አልዋሽም።

ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ነው። ብሎግ አሁን ማን ያነባል? (ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ)

ጥቂት ሰው። ግን ለረጅም ጊዜ።

በ2010 ስለ ደሴ ሰፈሮች ስም ጻፍኩ። ሆጤ፣ ሸዋ በር፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ፣ እንዲያው ከሽማግሌዎች የሰማሁትን ነው። ፌስቡክ ላይ በሁለት ቀን ከ400 በላይ ላይክ አገኘ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ብሎጉ ላይ በዚያ ሳምንት ያነበበው 31 ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጅዳ የሚኖር የደሴ ልጅ ብሎጉ ላይ አስተያየት ጻፈልኝ። የድሮ ሰፈሩን ስም ጉግል ላይ ሲፈልግ ነው ያገኘኝ። «አያቴ የነገሩኝ እንዲህ አይደለም» ብሎ አንዱን አረመኝ። ሁለት ሽማግሌ ጠየቅኩ፣ ልጁ ልክ ነበር። ጽሑፉን አስተካከልኩና መቼ ምን እንዳረምኩ ከሥሩ ጻፍኩ። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። የፌስቡኩስ? ስህተቱን እንደያዘ ሰው ከሰው እየገለበጠው ዛሬም ይዞራል። እኔ ራሴ ዋናውን ልፈልግ ብል ሩብ ሰዓት ወደ ታች ስገፋ ልውል ነው።

ታዲያ የቱን ብሎግ ላይ፣ የቱን ፌስቡክ ላይ እንጻፍ?

እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የማያውቀኝ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ይፈልገዋል ወይ? «ዛሬ ሐረጎ ላይ ጉሙ ከባድ ነው፣ ቀስ በሉ» የሚለው ለቴሌግራም ነው። ነገ ዋጋ የለውም። ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነዳ ሰው የሚሆን ምክር ግን ለብሎግ ነው። እንኳን አደረሳችሁና የሐዘን መግለጫ ፌስቡክ ይሂድ። ንዴት የትም አይሂድ፤ አንድ ሌሊት ይደር።

ልጄ፣ ድሮ በኮምፒውተር የጻፍኳቸው ጽሑፎች አሉኝ። አሁን ስከፍታቸው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይመጣል። ጠፉ ማለት ነው? (ጡረታ የወጡ መምህር)

አብሽሩ ጋሼ፣ አልጠፉም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር የምንጽፈው። የድሮው አሠራር የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይለጥፈዋል። ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ያዩት ጉድ እሱ ነው።

እንደ አዲስ እንዳይጽፉት አደራ። መጀመሪያ የድሮውን ፎንት ያስጭኑና እንደሚነበብ ያረጋግጡ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከተቀየረ በኋላ በዓይን ማየት ግን ግድ ነው። አራት ነጥቡና ቁጥሮቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የልጅ ልጅዎን ይዘው በሁለት ገጽ ይጀምሩ። ዋናውን ፋይል ደግሞ እንዳይነኩት፣ በቅጂው ይሥሩ።

የብሎጌን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ የአንድ ክንድ ጉድ ይሆናል። ቫይረስ ነው ብለው የማይነኩት አሉ።

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፣ እኔንም ለዓመታት አብግኖኛል። አድራሻው ውስጥ አማርኛ ስላለ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል። አድራሻ ላይ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። ስለዚህ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ትሆናለች። «ደሴ» የምትለው ባለሁለት ፊደል ቃል ብቻዋን 18 ቁምፊ ናት። 40 ፊደል ያለው ርዕስ 360 ሆነ ማለት ነው። ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ርዕሱ አማርኛ ይሁን፣ አድራሻውን ግን በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል አድርገህ ጻፈው። ብሎገር በሚባለው የብሎግ መጻፊያ ላይ ርዕስህ አማርኛ ብቻ ከሆነ «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም በላቲን ይሰጥሃል። አጭር ነው፣ ግን ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም። ፐርማሊንክ (የጽሑፉ ቋሚ አድራሻ) የሚለው ቦታ ገብተህ ቀይረው። ታዲያ ከማውጣትህ በፊት ነው። ከወጣ በኋላ ከቀየርከው ቀድሞ ያሰራጨኸው ሊንክ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ ያወርዳል።

ሰው ሲፈልግ እንዲያገኘኝስ?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። አንዱ «ሐረጎ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሀረጎ» ብሎ። «ሠ»ና «ሰ»፣ «ፀ»ና «ጸ»፣ «ዐ»ና «አ» እንደዚያው ናቸው። ርዕሱ ላይ አንዱን ከተጠቀምኩ መጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ አንድ ቦታ ሌላውን አስገባለሁ። የአማርኛ መምህሬ ቢያዩኝ ጆሮዬን ይይዙኝ ነበር።

ነፃው ይሻላል ወይስ የሚከፈልበት?

በነፃው ጀምር። ብሎገር ከ1999፣ ዎርድፕረስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ሁለቱም በነፃ ያስጽፋሉ። የራስህን ስም የያዘ አድራሻ ከፈለግህ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ካርድ የሌለን ሰዎች ውጭ ያለ ዘመድ እናስቸግራለን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የእኔን ዘመዴ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ካርዱ ተቀየረ፣ የክፍያ ማሳሰቢያው ለእሱ መጣ፣ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ብሎጌን ስከፍት የቁማር ማስታወቂያ ወጣ። አድራሻው የሌላ ሰው ሆኗል። ጽሑፎቹ ተርፈዋል፣ ሰው የሚያውቀው አድራሻ ግን ሄደ። ገንዘቡን ማንም ይክፈል፣ ምዝገባው በራስህ ኢሜይልና በራስህ ስም ይሁን።

ፌስቡክ ላይ ሙሉውን ልለጥፍ ወይስ ሊንክ ብቻ?

ሊንክ ብቻ ወርውሮ መሄድ እንግዳን ደጅ ላይ አቁሞ «ምሳ ጓሮ ነው» እንደማለት ነው። ዳታ የሚቆጥብ ሰው አይነካውም። እኔ መጀመሪያ ብሎጉ ላይ አወጣለሁ። በማግስቱ ከውስጡ አንዱን ታሪክ፣ ራሱን ችሎ የሚነበብ ሁለት ሦስት አንቀጽ፣ ፌስቡክ ላይ አደርጋለሁ። ሊንኩ መጨረሻ ላይ ነው። ሊንኩን ያልከፈተው ሰውም የሆነ ነገር አንብቦ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ አጭር ከሆነ ሙሉውን እለጥፋለሁ። አንድ መልእክት እስከ 4,096 ቁምፊ ይይዛል፣ ፎቶ ሥር ግን ያለ ክፍያ 1,024 ነው። ፎቶ ስል ትዝ አለኝ፤ ከስልክ የወጣ አራት ሜጋ ባይት ፎቶ እንዳለ ብሎግ ላይ አትጫኑ። ወደ 200 ኪሎ ባይት አውርዱት። የምትጨርሱት የሰው ካርድ ነው።

የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ቲክቶክ ላይ ደህና ተከታይ አለኝ። ብሎግ ያስፈልገኛል?

እህቴ፣ አያስፈልግሽም። አንድ ገጽ ግን ያስፈልግሻል። ሱቁ የት እንደሆነ፣ ልኬት እንዴት እንደሚላክ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ዋጋው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ። «ዋጋ ኢንቦክስ» እያልሽ በቀን 30 ጊዜ አንድ መልስ ከምትጽፊ ያን ገጽ ላኪላቸው። ደግሞም የቲክቶኩ አካውንት አንድ ቀን ቢዘጋ ደንበኛ የት ይፈልግሽ?

አንድ የፌስቡክ ገጽ ጽሑፌን ስሜን ቆርጦ ለጠፈው። አበደርኩት ወይስ ተሰረቅኩ?

ተሰርቀሃል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ገና ሲፈጠር ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ግን ፍርድ ቤት አትሩጥ። ብሎግህ ላይ ቀን አለው፣ የእሱ በኋላ የወጣ ነው። ሁለቱን ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር በጨዋ ቋንቋ «ስሜንና ሊንኩን ጨምርልኝ» በለው። እኔ ካጋጠሙኝ አብዛኞቹ ጨምረዋል። ያልጨመረውን ለፌስቡኩ ሪፖርት አድርግ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ያኔ ብሎግ ምን ፋይዳ አለው?

በ2015 የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲሉ ሌላው ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። ለአምስት ወር ያህል አንባቢዬ በብሎግ ነው የመጣው። በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ሁሉም እኩል ሆነ። እኔ መጻፍ አልቻልኩም፣ አንተም ማንበብ አልቻልክም። ቀድሞ የወጣውን ግን ውጭ ያለው ሰው ሲያነበው ከርሟል።

ከዚያ የባሰው 2014 ነው። ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቴን ቆልፌ ወጣሁ። ስመለስ ቁልፉ ተሰብሯል፣ ላፕቶፑ የለም። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የማውሱ መደገፊያ ብቻ ነው። ብሎጉ ላይ ያወጣኋቸው ሁሉ ነበሩ። ያላወጣኋቸው 40 ገደማ ረቂቆች ከላፕቶፑ ጋር ሄዱ። «ትንሽ ላሳምረው» እያልኩ ያቆየኋቸው ነበሩ።

ስለዚህ በየሦስት ወሩ ቅጂ አወጣለሁ። ብሎገርም ዎርድፕረስም ጽሑፉን ሁሉ በአንድ ፋይል ያወርዳሉ፣ ፌስቡክም የራስህን መረጃ አውርድ የሚል አማራጭ አለው። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይል ላይ። ብሎግም ዘላለማዊ አይደለም። ሰው የግል ገጹን በነፃ ይሠራበት የነበረው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ የስንት ሰው ገጽ ነው የሄደው። የጉግል ማኅበራዊ መድረክ የነበረው ጉግል ፕላስ በ2019 ተዘጋ። ማይስፔስ የሚባለው ማኅበራዊ መድረክ ሰርቨር ሲቀይር የ12 ዓመት ሙዚቃ ጠፋበት። ፌስቡክ ላይቭም ከ2025 ወዲህ ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል፣ የሠርግ ላይቭ ያላችሁ ቶሎ አውርዱ። ለምትሳሱለት ጽሑፍ ደግሞ ዌይባክ ማሽን የሚባለው አለ። ሊንኩን ትሰጠዋለህ፣ የገጹን ቅጂ ያስቀምጥልሃል፣ በነፃ።

በሳምንት ስንት ጊዜ መጻፍ አለብኝ?

በወር አንዴ። ከቻልክ።

ገንዘብስ ያስገኛል?

ከብሎጉ በቀጥታ ያገኘሁት የማኪያቶ ነው። በብሎጉ ምክንያት ግን ሁለት የአርትዖት ሥራ መጥቶልኛል። «ሥራህን አሳየኝ» ሲሉኝ የምልከው ሊንክ ነበረኝ።

እኔ የምጽፈው ነገር የለኝም። ሕይወቴ ተራ ናት። ከኮምቦልቻ ደሴ ለሥራ መመላለስ ብቻ ነው። (ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ እስካሁን ዝም ብላ የነበረች)

በየቀኑ?

«በየቀኑ። ጠዋት በሚኒባስ፣ ማታ በሚኒባስ።»

በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አለ። ከኮምቦልቻ ስትነሺ ሙቀት ነው፣ ደሴ ስትደርሺ ብርድ ነው። ጃኬትሽን የት ላይ ነው የምትለብሺው?

ሳቀች። «ጃኬቱ አይደለም፣ መስኮቱ ነው» አለች። «ሐረጎ ላይ አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ስንደርስ ማንም ምንም ሳይል ሁሉም እጁን ይሰዳል፣ መስኮቶቹ እኩል ይዘጋሉ። የተኛውም ነቅቶ ይዘጋል። አንድ ቀን አንዲት እናት ባቲ ገበያ የገዙት ዶሮ አንገቱን አውጥቶ ሊቀር ነበር።»

ዶሮውስ?

«ረዳቱ ጮኸ፣ ተረፈ።»

እሱን ጻፊ አልኳት። መብራት መጣ፣ ግማሹ ሰው ቻርጀሩን ይዞ ወደ ሶኬቱ ሮጠ። እሷ ስልኳን አውጥታ ኖት ከፍታ ነበር።