የአባትን እርከን ለማንሣት፦ ከካቡ በፊት ውኃው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ባለሙያው። በደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ወረዳ ደጋው ላይ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። አባቴና አጎቶቼ ያርሱት የነበረው ዳገት ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን የተያዘ ነበር። አባቴ ደከሙ፣ ወንድሞቼም ወደ ዓረብ አገር ሄዱ፤ መሬቱ ጦም ካደረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ቁጥቋጦ ውጦታል፣ ካቡ በየቦታው ተንዷል፣ ከፊሉን ድንጋይ ሰው ለቤት መሠረት ወስዶታል። ዘንድሮ በዳገቱ ላይ ድርሻ ያለን ስምንት ቤተሰቦች በቅሬያችን (በእድራችን) ተነጋግረን አብረን ልናነሣው ተስማማን። ከየት እንጀምር? አንዳንዱ በሲሚንቶ ይሠራ ይላል። ሌላው እርከን አይጥ ከማርባት በቀር ምን ይፈይዳል ይላል። በመጀመሪያው ዓመትስ ምን ይዘራበት?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰው ፈርሶ የቆየ እርከን ሊያነሣ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚሄደው ዓይን ወደሚስበው ትልቅ ናዳ ነው። ድንጋዩ እዚያው ወድቋል፣ ጉልበቱም ትኩስ ነው፤ በጥቂት ቀን ካቡ ይቆማል። ሐምሌ ሲገባ ያው ቦታ እንደገና ይናዳል። ስለዚህ ናዳውን ለጊዜው ተዉትና ከሁሉ በላይ ወዳለው እርከን ውጡ፤ ከዚያም አልፋችሁ ጎርፉ ወደ ማሳችሁ ከሚገባበት ቦታ ጀምሩ።

ካብ የሚፈርሰው ድንጋዩ ስለደከመ አይደለም። ከኋላው ያለው አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ወይም የበላዩ እርከን ተሰብሮ ጎርፉን በአንድ አፍ ሲለቅበት ውኃው አናቱን ዘሎ እግሩን ይቆፍረዋል። ከብት ይረግጠዋል፣ አራሽ ማረሻውን አስጠግቶ መሠረቱን ይነካዋል፤ እነዚህም ድርሻ አላቸው፣ ዋናው ግን ውኃው ነው። ከላይ መንገድ ወይም የግጦሽ መሬት ካለ የሚያወርደውን ጎርፍ የሚቀበል መቀልበሻ ቦይ ከመጀመሪያው እርከን በላይ ይቆፈር። ቦዩ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ከዚያ ከበለጠ ራሱ ቦይ ቦረቦር ይሆናል። መጨረሻው ሣር ወደለበሰ ማፋሰሻ ወይም ድንጋያማ ወደሆነ የተፈጥሮ መውረጃ ይሁን። ወደ ጎረቤት ማሳ አውጥታችሁ ብትለቁት የዚህን ዓመት ሥራችሁን በሚቀጥለው ዓመት በሽማግሌ ፊት ትከራከሩበታላችሁ።

«የተተወ እርከን ባይጠቅምም አይጎዳ» የሚል ሰው ካላችሁ ይህን ንገሩት። እርከን ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን አፈር ታቅፎ የቆመ ነገር ነው። ጠባቂ ሲያጣና አንድ ቦታ ላይ ሲበሳ ያንን ሁሉ አፈር በአንድ ክረምት ይለቀዋል፤ የታችኛውም እርከን ይህን ክብደት መሸከም ስለማይችል ተከትሎ ይሄዳል። በጣልያን የባሕር ዳርቻ ቺንኩዌ ቴሬ በሚባለው አካባቢ ገበሬው የወይን እርከኑን ትቶ ወደ ከተማ ከሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የወረደው ከባድ ዝናብ ጭቃና ድንጋይ አንከባሎ ከታች ባሉት መንደሮች ላይ አፍስሶታል። ዛሬ እዚያም በጎ ፈቃደኞች የፈረሰውን ካብ ይጠግናሉ። የእኛን ዳገት ደግሞ ዝናብ ምን እንደሚያደርገው ከደሴ ብዙም በማይርቀው በማይባር በ1970ዎቹ የተከፈተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ሲለካ ኖሯል። ከዚሁ የምርምር ፕሮግራም የወጣውና ባለሙያ ሁሉ የሚጠቅሰው ግምት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከታረሰ ማሳ በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል።

ቁጥቋጦውን ስትመነጥሩ አንድ ጥንቃቄ አለ። በካቡ ውስጥ የበቀለውን ዛፍ ከአንገቱ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት። ሥሩ ሲነቀል አጠገቡ ያለውን ደህና ካብ ይዞት ይመጣል። በካቡ እግር የበቀለ እሬት ካለ እንዲያውም ባትነኩት ይሻላል፤ አፈር ይዞላችኋል።

አሁን ወደ ካቡ እንምጣ። የእርከኑ መስመር የአባቶች ከሆነ፣ ዳገቱ ሲታጠፍ አብሮ እየታጠፈ የሚሄድ ከሆነ፣ ባለበት መልሱት። ከ1977ቱ ድርቅ በፊትና በኋላ በስንዴና በዘይት ክፍያ በዘመቻ የተሠራ ከሆነ ግን መስመሩን ሳታዩ አትመኑ። በዚያ ጊዜ በወሎ ብዙ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቷል፤ ከሥራው ከፊሉ ጥሩ ነበር፣ ከፊሉ ደግሞ ለቁጥር ሲባል በጥድፊያ የተካበ ነው። ገበሬውም «የመንግሥት እርከን» ብሎ ስለቆጠረው በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙ ቦታ በገዛ እጁ አፍርሶታል። ስለዚህ ከቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ባለገመድ ውኃ ልክ ተውሳችሁ መስመሩን ፈትሹ። ሁለት እንጨት፣ 10 ሜትር ገመድና መካከሉ ላይ የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ነው፤ ከሦስት ሰው በላይ አይፈልግም። ዝቅ ያለ ቦታ ከተገኘ ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና ካቡ በዚያ በኩል ከፍ ይበል። የካቡ አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ካልሆነ የተቀረው ልፋት ከንቱ ነው።

በናዳው ቦታ የወደቀውን ድንጋይ አንሥታችሁ በመጠን ለዩት፤ ትልቁን ለብቻ፣ መካከለኛውን ለብቻ፣ ጠጠሩንም ለብቻ። ጥቁሩን አፈር ወደ ዳር አውጡት እንጂ ከታችኛው ቀይ አፈር ጋር አትደባልቁት። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ የመሠረቱም ወለል ጥቂት ወደ ዳገቱ ያዘንብል። የመሠረቱ ስፋት የካቡ ቁመት እኩሌታ ሆኖ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል። ለ1 ሜትር ቁመት ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ማለት ነው። አናቱ ላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የውጭው ፊት ቀጥ ብሎ አይቁም፤ ካቡ 1 ሜትር ሲነሣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ዳገቱ ይግባ።

ድንጋዩ እንዴት እንደሚቀመጥ ብዙ ሰው ይስታል። ረጅም ድንጋይ ሲገኝ ፊቱ እንዲያምር ብለው በጎኑ ያጋድሙታል። ርዝመቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ አፈሩ ነው መግባት ያለበት፤ ከውጭ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ይሁን። ሁለት ድንጋይ የተጋጠመበትን ስንጥቅ የላይኛው ድንጋይ ይርገጠው፤ ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ ከወጣ ካቡ እዚያ ላይ ይከፈላል። ከፊቱ በስተጀርባ ያለው ባዶ በጠጠር በደንብ ይሞላ እንጂ በአፈር አይሞላ። ውኃው የሚወጣው በዚያ ጠጠር በኩል ነው። ካቢው የካበውን ድንጋይ ቆሞበት ይሞክረው፤ ከተወዛወዘ አንሥቶ ይገልብጠው። በየቀበሌው ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ አዛውንት አይጠፉም፤ ድንጋይ አያሸክሟቸው፣ ዳር አስቀምጣችሁ ወጣቱን ይቆጣጠሩት።

ስለ ሲሚንቶው በአጭሩ፦ አይሆንም። ያለጭቃ የተካበ ካብ የሚኖረው ውኃ ስለሚያሳልፍ ነው። ሲሚንቶ ያንን መውጫ ይደፍናል፣ ከኋላ የተጠራቀመው ውኃም ካቡን አንድ ላይ ያስረግዘውና ይጥለዋል። ኮንሶዎች እስከ 5 ሜትር የሚደርስ እርከን በደረቅ ድንጋይ ብቻ ክበው ለትውልዶች ኖረውበታል፤ ዩኔስኮም በ2003 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለሲሚንቶ ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ ዲጂኖና መዶሻ ግዙበት።

ጉልበቱን አስቀድማችሁ አስሉት። በአገራችን የተፋሰስ ሥራ መመሪያ 1 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይፈጃል ተብሎ ይታሰባል፤ አንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ማለት ነው። ከየቤቱ ሁለት ሰው ቢወጣ 16 ናችሁ፣ በቀን 64 ሜትር ይደርሳችኋል። ይህ ግን ከጉልበት እምብዛም ለማያልፍ ካብ ነው፤ ደረት ለሚደርሰው የአባቶች ካብ ከዚህ በጣም ያነሰ ጠብቁ። በልግ አብቃይ ከሆናችሁ ዝናቡ በየካቲት ሊገባ ስለሚችል ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጀምራችሁ ጥርን ሙሉ ሥሩ። ከላይ ወደ ታች እየወረዳችሁ በወንፈል ስትሠሩ የማን ድርሻ ቀደመ የሚባል ቅሬታ አይነሣም።

የወንድሞችዎ ድርሻ ያሳስበኛል። በስልክ «ሥሩት» ማለታቸው አይበቃም። አንዱ ሲመለስ መሬቱን ይፈልጋል፣ የሠራውም ሰው ላቤን ይላል። ማን እንደሚያርሰው፣ ለስንት ዓመት፣ በእኩል ይሁን በሲሶ፣ በጽሑፍ ይሁን፤ የይዞታ ደብተሩን ይዛችሁም የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ሰው አማክሩ። ድንጋይ የወሰደውን ጎረቤት ደግሞ አትክሰሱት። ቤቱን አፍርሶ አይመልስላችሁ። በአበጋር፣ በአስታራቂ ሽማግሌው በኩል የጥቂት ቀን ጉልበት ጠይቁት፤ እምቢ የሚል አይመስለኝም።

ሁሉንም እርከን መልሳችሁ ማረስ አለባችሁ ብዬ አላምንም። በ1997 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ በጠረጴዛ እርከን፣ ማለትም ወለሉ ደልዳላ በሆነ እርከን ብቻ እንዲታረስ ደንግጎ ነበር። በ10 ሜትር አግድም ርቀት 6 ሜትር የሚወርድ ከሆነ 60 በመቶ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የላይኛውን ክፍል ካቡን ጠግናችሁ ለሣርና ለዛፍ ተዉት። የከብት መኖ ስለሚያወጣ ኪሳራ አይሆንም፤ ደግሞም ከታች ያለውን ማሳ ይጠብቃል።

አይጡን በተመለከተ ጎረቤትዎ እውነት አላቸው፤ ባዶ ሆድ ያለው ካብ አይጥ ያረባል። መድኃኒቱ ሆዱን በጠጠር መሙላት፣ ከአዝመራ በኋላ በካቡ እግር ያለውን አረም ማጽዳትና ነዶውን ከካቡ አርቆ መከመር ነው። መርዝ አልመክርም፤ የሞተውን አይጥ የምትበላው ድመትና ጉጉት ያልቃሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት የምትማረሩበት አይጥም ይበዛል።

ለመጀመሪያው ክረምት ባቄላ ዝሩ። ለዓመታት ያረፈ መሬት ቢሆንም በአንድ እርከን ውስጥ አፈሩ እኩል አይደለም፦ ከካቡ በስተጀርባ ጥልቅና ወፍራም ነው፤ ከበላዩ ካብ እግር ሥር ያለው ደግሞ ተጠርጎ ሳስቷል። ያላችሁን ፍግና ኮምፖስት ማሳው ላይ በእኩል አትበትኑት፤ ወደዚያ ወደሳሳው ክፍል ውሰዱት። በሁለተኛው ዓመት ገብስ ወይም ስንዴ ይከተል። አንዳንድ ገበሬ ከካቡ በስተጀርባ ያለውን ለም አፈር ለመጠቀም ሲል ካቡን አፍርሶ ቦታውን ያዘዋውራል። ይህን አታድርጉ፤ አንድ ጥሩ ምርት ታገኙበትና አፈሩን ትሸኙታላችሁ።

በካቡ አናት በስተጀርባ የመኖ ተክል ይተከል። ለእናንተ ደጋ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍና ፋላሪስ የሚባለው ሣር ይስማማሉ፤ ትሪ ሉሰርን ከብትም ይወደዋል። ይሁን እንጂ አዝመራ እንደተነሣ ከብት በልቅ ከገባ ሣሩም ካቡም አይተርፍም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በቅሬው ቃል ይታሰር፦ ቢያንስ ለሁለት ዓመት አጭዶ ማብላት እንጂ ማስገባት የለም፤ ያስገባም ይቀጣል። ቅጣቱን ራሳችሁ ወስኑ፤ ከውጭ የመጣ ቅጣት ማንም አያከብረውም።

የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ሲወርዱ ሁለት ሰው አካፋ ይዞ በካቡ ላይ ይሂድ፤ ውኃ የት እንደሚዘል የሚታየው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው። የወደቀ ድንጋይ በዚያው ሳምንት ይመለስ። የትሪ ሉሰርኑን ችግኝ ደግሞ ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ አሁኑኑ ጠይቁ፤ በሰኔ ብትሄዱ አልቋል ይሏችኋል።