«ማን ያውቃል ጋሼ?»

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣሁ አንዲት የሰፈራችን ተማሪ መጣች። ለመመረቂያ ጽሑፏ እዚሁ ጅማ ዝናብ ትለካለች። ሦስት ቀን አምልጧታል። «ገምቼ ብሞላው ማን ያውቃል ጋሼ?» አለችኝ። ስኒውን አስቀመጥኩት።

በወጣትነቴ ለሥልጠና ሰሜን ስዊድን ሄጄ ነበር፣ የበረዶ ግግር፣ ማለትም ከዓመት ዓመት የማይጠፋ የተራራ በረዶ ልለካ። የብርዱ ወራት ሲያልቅ ቀጭን የብረት ዘንግ እየቀጣጠልን ለስላሳው በረዶ፣ አመዳዩ ውስጥ እንሰዳለን። ዘንጉ ያለፈው የሙቀት ወቅት ያጠነከረው ገጽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እስከዚያ ያለው የዓመቱ አመዳይ ነው። አንድ ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ አመዳዩ ይመዘናል። እኩል መጠን ካለው ውሃ 40 በመቶውን የሚመዝን 2 ሜትር አመዳይ 80 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይወጣዋል። የጅማ የዓመት ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና፣ የኛን ግማሽ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን የመጨረሻዎቹ ሦስት የመለኪያ ነጥቦች ላይ ጣቶቼ ከብርዱ የሌላ ሰው ሆኑ። ዘንጉ 1 ሜትር ከ40 ላይ ቋ ብሎ ቆመ። ከዚያ በፊት የነበረው 2 ሜትር ከ10 ነው። መሃል ላይ ቀልጦ የረጋ ስስ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይበሳል። ጠዋት ነግረውናል። መምታት ነበረብኝ፤ አልመታሁትም። 1.40 ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን ሁለቱንማ ዘንጉን እንኳ ሳላወጣ 1.50 እና 1.45 አልኳቸው። እውነት እንዲመስል ለየት አደረግኳቸው እኮ! ማታ አለቃችን ወረቀቱን አይቶ «ጎበዝ» አለኝ። ያ «ጎበዝ» እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በዚያው አገር ስቶርግላሲየረን የሚባል ግግር እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በየዓመቱ ይለካል። የአያት ቁጥር ከልጅ ልጅ ቁጥር ጎን ይቀመጣል።

በረዶው ይሄዳል ደግሞ። የተከልነው ችካል በዓመቱ ቁልቁል ወርዶ ይገኛል፤ የሄደበትን ቴዎዶላይት በሚባል የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ እንለካ ነበር። ለእናቴ ስነግራት «እግር አወጣ?» ብላ ጎረቤት ጠርታ ወሬውን አስደገመችኝ።

ስለ ሰዓት ማክበር አልሰብካችሁም። ያልለካችሁትን ባዶ ተዉት። ብርድ ሲበረታ ደግሞ ጥላችሁ ውረዱ። ቅድም መምታት ነበረብኝ ያልኩት ከዚህ ጋር ይጋጫል፣ አውቃለሁ። የዛሬ ልጆች ዝናቡን ስልክ ላይ እንጂ ሰማይ ላይ አታዩም እላለሁ ሁሌ። ግን ልጅቷ ጠየቀች። እኔ ማንን ጠየቅኩ?

«መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ደፋሽው?» አልኳት። አልደፋችም። እሱ ያመለጡሽ ሦስቱና የለካሽበት ቀን፣ የአራት ቀን ድምር ነው፣ ድምር ብለሽ ጻፊው አልኳት። ትናንት ደብተሯን አሳየችኝ፤ ሦስት ሰረዝ፣ ከሥሩ አንድ ቁጥር። አማካሪዬ ይቆጣኛል ብላ ፈርታለች። እኔም ፈራሁላት።