ማኔጅመንት ለምትማሩ፦ ከሒሳቡ አትሽሹ

ቢዝነስ ሊደርሺፕና ማኔጅመንት ለምትማሩ ልጆች ነው ይህን የምጽፈው። ብዙ ዓመት ሰው ስቀጥር ኖሬያለሁ። ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ለቃለ መጠይቅ ሲመጡ ስለ ራዕይና ስለ ቡድን መንፈስ አሳምረው ያወራሉ። የሒሳብ መግለጫ ፊታቸው ሳስቀምጥ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

አካውንቲንግ ይደብራል ትላላችሁ። አንዳንዱ ምዕራፍ እውነትም ይደብራል። ግን እስቲ ይህን አስቡት። አንድ ድርጅት ዕቃ በ100 ሺህ ሸጠ። ወጪው 70 ሺህ ነው። ወረቀት ላይ 30 ሺህ አተረፈ ማለት ነው። ገዢው ግን በዱቤ ስለወሰደ የሚከፍለው ከ90 ቀን በኋላ ነው። አቅራቢውና ሠራተኛው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘባቸውን ይፈልጋሉ። አትራፊው ድርጅት ደመወዝ መክፈል አቅቶት ቁጭ አለ! ሽያጩ በእጥፍ ቢያድግ ደግሞ የባሰ ጭንቅ ነው፤ ከኪሱ ቀድሞ የሚወጣውም በእጥፍ ያድጋላ። ይህን የማያውቅ መሪ ለሽያጭ ክፍሉ እያጨበጨበ ድርጅቱን ገደል ይከተዋል።

ቲዎሪውን ናቁት እያልኩ አይደለም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋዮል የሥራ አስኪያጅ ተግባራት ብሎ የዘረዘራቸውን ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማቀናጀትና መቆጣጠር ለፈተና ሸምድዳችሁ ይሆናል። ሰውየው ግን የማዕድን መሐንዲስ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 የሚሠራበት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ ድርጅቱ ሊከስር አፋፍ ላይ ነበር። ሐሳቡን አደራጅቶ ያሳተመው በ1916 ነው። እና ዝርዝሩን ስታነቡ፣ ይህ ሰው ምን ቸግሮት ነው እንዲህ ያለው ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የምትሸሹት ነገር የግሩፕ አሳይመንት ነው። አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች፣ የቀሩት የፊት ገጹ ላይ ስማቸውን ያስጽፋሉ። እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን መጠየቅ እወዳለሁ፦ "ግሩፕ ውስጥ የማይሠራ ልጅ ሲያጋጥምህ ምን አደረግህ?" "ተውኩትና ብቻዬን ጨረስኩት" የሚል መልስ ይበዛል፤ ያውም በኩራት። እሱን ልጅ ጎበዝ ባለሙያ አድርጌ ልቀጥረው እችላለሁ። ኃላፊ ለማድረግ ግን እፈራለሁ፤ የአሥር ሰው ሥራ ብቻውን ይዞ አሥሩን ሥራ ፈት ያደርጋቸዋል። የጠፋውን ልጅ ለብቻው አግኝቶ "የቱን ክፍል ትይዛለህ? መቼ ታስረክበናለህ?" ማለት ያሳፍራል፣ ያስጨንቃል። አመራር የሚሉት ግን እዚያ ጋ ነው የሚጀምረው። ኮሌጅ ውስጥ ቢበላሽባችሁ የምታጡት ጥቂት ማርክ ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ግን የሰው እንጀራ አለበት።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የአክሲዮን ድርጅቶች ለሕዝብ የሚያወጡትን ዓመታዊ ሪፖርት አንዱን አንሱ። የሊቀ መንበሩን መልእክት ከነፎቶው እለፉት። በቀጥታ የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ጋ ሂዱና ከሥራ የተገኘውን ጥሬ ገንዘብ ከተጣራ ትርፉ ጋር አስተያዩት። ትርፉ በየዓመቱ እያደገ ገንዘቡ ባለበት ከቆመ ምክንያቱን መምህራችሁን ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ከተሰብሳቢ ሒሳቡ፣ ማለትም ደንበኞች በዱቤ ወስደው ገና ካልከፈሉት ገንዘብ፣ ጀምራችሁ ራሳችሁ ፈልጉት።