ትልቁ ቁስል ሁልጊዜ የጥይት መውጫ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ ከወራት በፊት በጥይት ተገደለብኝ። መጀመሪያ የተወሰደበት ሆስፒታል «ጥይቱ በማጅራቱ ገብቶ በግንባሩ ወጥቷል» ብሎ ጻፈ። የአስከሬን ምርመራው ደግሞ የገባው በግንባሩ ነው ይላል። የግንባሩ ቁስል ሰፊና የተቀዳደደ ነበር፤ የማጅራቱ ትንሽ ናት። አንዳቸው እየዋሹን ነው?

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናዎት። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ማደር ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል።

የግድ ዋሽቷል ማለት አይደለም። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነፍስ ለማትረፍ ነው የሚሮጠው። ቁስሉን አይቶ መጠኑንና ቦታውን ብቻ ቢጽፍ ይሻላል። «መግቢያ»፣ «መውጫ» የሚለውን ለፎረንሲክ ሐኪም፣ ማለትም ለፍትሕ ጉዳይ ቁስልና አስከሬን ለሚመረምረው ሐኪም መተው አለበት። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን «ትንሹ መግቢያ፣ ትልቁ መውጫ» የሚባለው ነገር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ጥይት ሲገባ በቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጠባብ ጭረት ይተዋል። ሲወጣ ግን ተገለባብጦ ወይም ቅርጹ ተበላሽቶ ስለሚሆን ቆዳውን ይቀደዋል፤ ቀለበቱም ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ጭንቅላት ላይ አፈሙዙ ቆዳ ነክቶ ከተተኮሰ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከጥይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ ከቆዳው ሥር ይገባል። ከታች አጥንት ስላለ መሄጃ ያጣል። ቆዳውን ነፍቶ እንደ ኮከብ ይሰነጥቀዋል። መግቢያው ከመውጫው የሚሰፋው ያኔ ነው። የወንድምዎ እንዲህ ነው ብዬ ሰነዱን ሳላይ አልደመድምም፤ የነገሩኝ ግን ይመስላል።

እዚህ ላይ ከቆዳው ይልቅ አጥንቱን አምናለሁ። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ፣ በገባበት በኩል ቀዳዳው ከውጭ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ እንደ መለከት አፍ ይሰፋል። በወጣበት በኩል ተቃራኒው ነው። ጠጠር የመታው መስታወትም እንዲሁ ነው፤ ጠጠሩ በወጣበት በኩል ያለው ቀዳዳ ይሰፋል።

ስለዚህ የአስከሬን ምርመራውን የሠራውን ሐኪም ያነጋግሩ። የአጥንቱ ቀዳዳ ወደየት እንደሚሰፋ፣ ቁስሉ ውስጥ ጥቀርሻ ተገኝቶ እንደሆነ ይጠይቁ። በሽጉጥ ሲተኮስ ጥቀርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ ራቅ ሲል ያልተቃጠሉ የባሩድ ቅንጣቶች ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ይተዋሉ፤ ያ ቢታጠብም አይለቅም።

ኮፍያው ወይም ልብሱ እናንተ ጋ ካለ፣ እባካችሁ አትጠቡት። ደም ካለበት ጥላ ላይ ይድረቅ። በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ለመርማሪው አስረክቡ።